ለእንጀራ ያልሆነ ዜማ

ዜማን መተዳደሪያቸው ያደረጉ ሰዎች በሀገራችን ከጥንት ጀምሮ ነበሩ፤ ዜማን ወድደው፣ ከዜማው ግን ደመወዝም ሆነ ሽልማት ሳይጠብቁ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አብረውት የኖሩ ሰዎችም እንዲሁ ነበሩ። የፊተኞቹን ስም ታሪክ መዝግቦታል፤ የኋለኞቹ ግን ቀን በየሥራቸው ውለው፣ ማታ በቤታቸው ጥግ ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን ከቤተ ሰባቸው በቀር ማንም ሳይሰማው ያለፉ ስለ ሆኑ፣ ከነርሱ የቀረልን ስም እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ምዕራፍ የሚናገረው ስለነዚህ ሰዎችና በእጃቸው ስለ ኖረው ስለ በገና ነው። እኔም ራሴ ከነርሱ ወገን ነኝ፤ እንጀራዬን ያገኘሁት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ በማስተማር ሲሆን፣ ከወጣትነቴ ጀምሮ እስከዚህ የሽምግልና ዘመኔ ድረስ በገና ስደረድርና መማር የፈለገውን ሁሉ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነበበው ከመጻሕፍት ካገኘሁትና ከሊቃውንት አፍ ከሰማሁት ጋር በገዛ ጣቴ የመረመርኩትም የተጨመረበት ነው።

የበገናን ሥፍራ ለመረዳት አስቀድሞ ጎረቤቶቹን ማየት ይገባል። ቤተ ክርስቲያን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም ከተነሣው ከቅዱስ ያሬድ የተቀበለችው፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የተከፈለው ዜማ፣ ተማሪውን ከልጅነቱ ጀምሮ ሁለንተናውን የሚጠይቅ ትምህርት ነው። የዜማ ተማሪ ከአባት ከእናቱ ተለይቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ከጾመ ድጓ ወደ ድጓ፣ ከዚያም ወደ ዝማሬና መዋሥዕት ወይም ወደ አቋቋም እየተሻገረ ብዙ ዓመታት ያሳልፋል፤ ድጓውን በቃሉ ከማጥናቱ ጋር በእጁ ይጽፋል፤ ይዘትና ደረት፣ ርክርክና ድፋት፣ ሂደትና ጭረት፣ ቅናትና ቁርጥ የሚባሉትን ምልክቶች ከፊደሉ በላይ እየጣለ ዜማውን ከብራናው ጋር ያስተሳስራል። በድጓ ለመመስከር የሚሻ ሰው ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ በዚያ ተፈትኖ ያለፈውም መምህር ተብሎ በደብር ይሾማል፣ ከዜማው ይኖራል። ይህ የሊቃውንት መንገድ ነው።

ከዚህ ፈጽሞ የተለየው የአዝማሪው መንገድ ነው። አዝማሪ ሙያውን አብዛኛውን ጊዜ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ይማራል፤ መሰንቆውን ይዞ በሠርግ፣ በግብርና በጠጅ ቤት እየዞረ፣ የቆመውን እያሞገሰ፣ የሚያሾፈውን እየነካካ፣ ከሰሚው በሚቀበለው ገንዘብ ይተዳደራል። ትምህርቱ ሌላ ይሁን እንጂ እርሱም እንደ ደብተራው በዜማው የሚኖር ሰው ነው። ሁለቱም ተግባራቸውን ለልጅ ወይም ለተማሪ የሚያስተላልፉበት የታወቀ ሥርዓት ስላላቸው፣ ዘመን ቢለዋወጥም ትውልዳቸው በቀላሉ አይቋረጥም፤ የሚበላበት ሙያ ወራሽ አያጣምና።

በገና ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ማኅሌት የሚቆመው በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ነው እንጂ በበገና አይደለም፤ በጠጅ ቤትና በሠርግም በገና አይገባም። ቦታው ቤት ነው፣ ጊዜው ከሁሉ ይልቅ ዐቢይ ጾም ነው። ክራሩና መሰንቆው ለኀምሳ አምስት ቀን በግድግዳ ላይ ተሰቅለው ሲሰነብቱ፣ በገናው ከተሰቀለበት ይወርዳል፤ ባለቤቱም ከሰርክ ጸሎት በኋላ ስለ ዓለም ኃላፊነት፣ ስለ ሞትና ስለ ንስሐ፣ ስለ እመቤታችን አማላጅነት ከተነገሩት መዝሙሮች አንዱን ለራሱና ለፈጣሪው ይደረድራል። እንዲህ ያለውን ሰው ቀጥሮ የሚያስደረድረው የለም፤ ቢኖርም እንኳ ደርዳሪው ለመቀጠር የተማረ አልነበረም። በገና የመኳንንቱና የሽማግሌዎቹ፣ የመነኮሳቱና የእመቤቶቹ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ምኒልክ ይደረድሩት እንደ ነበር ይነገራል፤ እቴጌ ጣይቱም ከግዕዝ ትምህርታቸውና ከሰንጠረዥ ጨዋታቸው ጋር በገና ማወቃቸውን ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች ያነሡታል። ሀገር የሚገዛ ሰው ይቅርና መዝገብ ቤት የሚሠራ ጸሐፊም ቢሆን ወደ በገና የሚመጣው ሌላ ሥራውን ጨርሶ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር የዚህ ምዕራፍ ዋና ነጥብ ስለ ሆነ አስረግጬ ልናገረው። ማንንም የማያበላ ዜማ የሚኖረው ከሰው ወደ ሰው በመሰጠት ብቻ ነው። በገና እንደ ድጓ በምልክት አልተጻፈም፤ እንደ አዝማሪነት በዘር አልተያዘም። ደርዳሪው ያወቀውን ለሌላ ካላሳየ፣ ሙያው ከርሱ ጋር መቃብር ይወርዳል። ስለዚህ በገናን የወደደ ሰው ሁሉ፣ ፈቀደም አልፈቀደም፣ አንድ ቀን መምህር መሆን አለበት።

መሣሪያውን ላላዩት ጥቂት ልግለጸው። በገና ቁመቱ ከአንድ ሜትር በላይ የሚሆን፣ ከታች በቆዳ የተለበጠ ገበቴ ያለው፣ ከገበቴው ሁለት ዓምዶች ወደ ላይ ወጥተው በአግድም ቀንበር የተያያዙበት፣ ዐሥር አውታር ያለው መሣሪያ ነው። ሊቃውንቱ ዐሥሩን አውታር በዐሠርቱ ትእዛዛት፣ ሁለቱን ዓምዶች በብሉይና በሐዲስ ኪዳን እየመሰሉ ያስተምራሉ፤ በመዝሙረ ዳዊትም በ32ኛውና በ143ኛው መዝሙር ዐሥር አውታር ያለው መሣሪያ ስለ ተጠቀሰ፣ ትውፊቱ በገናን የዳዊት መሣሪያ ያደርገዋል፣ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋርም ከኢየሩሳሌም ያመጣዋል። አውታሩ በጥንቱ ልማድ የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው፤ አንጀቱ ታጥቦና ተፍቆ፣ ተገምዶና ተወጥሮ ይደርቃል። በቀንበሩ ላይ እያንዳንዱ አውታር የራሱ መቃኛ እንጨት አለው፤ ከታች ደግሞ አውታሮቹ በገበቴው ቆዳ ላይ በቆመው በርኩማ በሚባለው ድልድይ ላይ ተሻግረው ያልፋሉ። በበርኩማውና በእያንዳንዱ አውታር መካከል እንዝራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች።

የበገና ምሥጢሩ ሁሉ ያለው በዚህች ቁራጭ ቆዳ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ በክፍል ውስጥም ስለ ድምፅ ባህርይ ሳስተምር ብዙ ጊዜ ሳነሣት ኖሬአለሁ። የክራር ድልድይ ጠባብ ስለ ሆነ አውታሩ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ያርፋል፤ በተመታም ጊዜ ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣና ወዲያው ይሞታል። የበገናው በርኩማ ግን ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። አውታሩ ሲርገበገብ በየጊዜው ተመልሶ የበርኩማውን ፊት ይነካል፤ በነካ ቁጥርም ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ያሉት ረቂቃን ድምፆች እንደ ገና ይቀሰቀሳሉ። ያ የንብ መንጋ የሚመስለው፣ አየሩን ሞልቶ የሚቆየው ጉምጉምታ የሚወለደው ከዚህ ነው። እንዝራዋ አውታሩን ከበርኩማው በምን ያህል እንደምታርቀው የሚወስነው የደርዳሪው ጣት ነው፤ በጸጉር ስፋት ወደ ፊት ብትገፋ አውታሩ ይታፈናል፣ በዚያው መጠን ወደ ኋላ ብትሳብ ጉምጉምታው ጠፍቶ ባዶ ድምፅ ይቀራል። በሕንድ ሀገርም ታንፑራ የተባለው መሣሪያ በዚሁ ሕግ ይሠራል፤ በዚያ በቆዳ ፋንታ የጥጥ ክር በአውታሩና በሰፊው ድልድይ መካከል ይገባል። እርስ በርሳቸው የተራራቁ ሁለት ሕዝቦች ለጸሎትና ለተመስጦ የሚሆን ድምፅ ሲሹ እንዲህ ባለ አንድ ዘዴ መገናኘታቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ከዚሁ ጋር የሰው ጆሮ ራሱ የሚሠራው ሥራ አለ። የበገና ዝቅተኛ አውታሮች እጅግ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ይመስላሉ፤ ነገር ግን ትንሽ ገበቴ ያን የመሰለውን ወፍራም ድምፅ በሙሉ ኃይል ለማውጣት አቅም የለውም። አብዝተው የሚወጡት የላይኞቹ ድምፆች ናቸው፤ ጆሮና አእምሮ ግን የነዚህን ድርድር አይተው ከሥራቸው ሊኖር የሚገባውን መሠረት ራሳቸው ያሟሉታል። እንግዲህ በገና የሚሰማ ሰው ከፊሉን ድምፅ ከመሣሪያው ይቀበላል፣ ከፊሉን ከልቡናው ያዋጣል። አባቶች በገና የጽሞና መሣሪያ ነው፣ በሚንጫጫ ስፍራ አይሆንም ያሉት ይህን የሳይንስ ሥርዓት አውቀው አልነበረም፤ ፍርዳቸው ግን ትክክል ነበር።

አሁን ወደ እጅ ልመለስ። በገና የሚደረደረው በግራ እጅ ነው፤ ቀኝ እጅ መሣሪያውን ይደግፋል። ድሂፅ በሚባል መምቻ ዐሥሩንም አውታር የሚመቱበት ግርፍ የሚባል ስልት አለ፤ ዛሬ በብዛት የሚሰጠው ትምህርት ግን በጣት ነው። በጣት ሲደረደር ከዐሥሩ አውታር የሚጮኹት ስድስቱ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት አራቱ በመካከላቸው ተሠልፈው ጣት አውታሩን ከመታ በኋላ የሚያርፍባቸው ናቸው። ይህን ለአዲስ ተማሪ ስናገር ብዙ ጊዜ ያዝናል፤ ዐሥር አውታር ሊማር መጥቶ ስድስት ብቻ ሲነገረው የተጎደለ ይመስለዋል። ቆይቶ ግን ማረፊያ የሌለው ጣት በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚቀር፣ የሚቀጥለውንም አውታር ዘግይቶ ወይም ጨክኖ እንደሚመታው በገዛ እጁ ሲያየው፣ ዝም ያሉት አራቱ የሚናገሩትን ስድስቱን እንዴት እንደሚመሩ ይገባዋል። ቅኝቱ ዘወትር በትዝታ ወይም በአንቺ ሆዬ ነው፤ ሁለቱም አምስት ድምፅ ያላቸው ስለ ሆኑ ስድስተኛው አውታር ያንኑ የመጀመሪያውን ድምፅ በሌላ ከፍታ ይመልሳል።

እኔን ያስተማሩኝ በሰፈራችን ይኖሩ የነበሩ አንድ የልብስ ሰፊ ናቸው። ቀን በሲንጀር መኪናቸው ላይ ተጎንብሰው ይውላሉ፤ ማታ ከመኪናው ተነሥተው እጃቸውን ይታጠቡና በገናቸውን ከግድግዳው ያወርዳሉ። የኔታ እንላቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን፣ «የኔታ የሚባሉት ድጓ ያወቁቱ ናቸው፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ» ይሉን ነበር። ከተማሪ ገንዘብ ተቀብለው አያውቁም። አንድ ጊዜ አባቴ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ክፍያውን ሊነጋገሩ በመጡ ጊዜ፣ «ልጁ ሲያውቅ አንድ ሰው ያስተምር፤ ሒሳባችን ያ ነው» ብለው መለሷቸው። ይህ ውል በወረቀት አልሰፈረም፤ ነገር ግን ከፈረምኳቸው ውሎች ሁሉ ይልቅ ሲያስጨንቀኝም ሲያስደስተኝም የኖረው እርሱ ነው።

የርሳቸው አስተማማር ከመስማት ይጀምር ነበር። ተማሪው በገናውን ሳይነካ ብዙ ማታ ቁጭ ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ጣቱ በቁጥር ይጠራለታል፣ ቁጥሩን በቃሉ ያጠናል፣ በጉልበቱ ላይ ጣቱን እያነሣ እየጣለ ይለማመዳል። በመጨረሻ በገናው ሲሰጠው፣ ጣቱ የት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቀዋል። ወጣት ሳለሁ ይህ ጊዜ ማባከን መስሎ ይታየኝ ነበር፤ ራሴ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ግን ምክንያቱን ተረድቻለሁ። የበገና አውታር ከተመታ በኋላ ድምፁ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ በስሕተት የተመታው አውታር በትክክል ከተመታው ጋር ተደባልቆ በክፍሉ ውስጥ ይሰነብታል፤ በክራር ላይ ጀማሪ ቢሳሳት ስሕተቱ ወዲያው ያልፋል፣ በበገና ላይ ግን የጀማሪው ጆሮ በስሕተቱ ተሞልቶ ትክክለኛውን መለየት ያቅተዋል። ጆሮው አስቀድሞ በመምህሩ ድምፅ የተሞላ ተማሪ ብቻ ነው ራሱን የሚያርመው።

በአንድ ነገር ግን ከመምህሬ ልማድ ተለይቻለሁ። እርሳቸው ተማሪውን ፊት ለፊት ያስቀምጡት ነበር፤ እኔ ጎን ለጎን አስቀምጠዋለሁ። ፊት ለፊት የተቀመጠ ተማሪ የመምህሩን እጅ በመስተዋት ውስጥ እንደሚታይ ተገልብጦ ያየዋልና፣ በተለይ ሕፃናት አውራ ጣትን ከትንሽ ጣት ይለዋውጣሉ። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሁለቱ ግራ እጆች በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ ከዚህም በላይ መምህርና ተማሪ ወደ አንድ ወገን ስለሚመለከቱ፣ ተማሪው የመምህሩን ፊት እያየ ተሳሳትኩ ወይ ብሎ ከመጨነቅ ይድናል።

አዋቂዎችና ልጆች በበገና ፊት እንዴት እንደሚለያዩ ብዙ ጊዜ ስመለከት ቆይቻለሁ። ልጅ ጣቱን ቶሎ ያለማምዳል፣ ዜማውንም ቶሎ ይይዛል፤ የመዝሙሩ ቃል ግን ከላዩ ላይ ያልፋል፣ ስለ ሞት የሚናገረውን ግጥም ስለ ዝናብ እንደሚናገር አድርጎ ያዜመዋል። አዋቂው ጣቱ ደርቋል፤ ቀን በመዶሻና በመጋዝ የዋለ እጅ፣ ወይም ቀን በጽሕፈት መኪና ላይ የሮጠ እጅ፣ ማታ ለስለስ በል ቢባል ቶሎ አይታዘዝም። ነገር ግን አንድ በዕድሜ የገፉ አናጢ ባለቤታቸውን ቀብረው በዓመቱ ሊማሩ ወደ እኔ መጥተው፣ ከሁሉ የቀለለችውን አንዲት መዝሙር ብቻ ለመያዝ ከሌሎቹ ተማሪዎቼ እጥፍ ጊዜ ቆዩ፤ በያዟት ጊዜ ግን፣ እኔ ከርሳቸው በፊት ያንኑ መዝሙር ብዙ ጊዜ የደረደርኩት ሰው፣ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁ መሰለኝ። መምህር ከተማሪው የሚያገኘው ትርፍ ይህ ነው። ብቻውን የሚደረድር ሰው የለመደውን መዝሙር ከጊዜ በኋላ መስማት ይተዋል፤ ጣቱ ይሄዳል፣ ኅሊናው ግን ሌላ ስፍራ ይውላል። ሌላ ሰው ያንኑ መዝሙር እየተንተባተበ ሲማረው ነው እያንዳንዱ ቃል እንደ ገና ክብደቱን የሚያገኘው።

ከሁሉ የሚከብደው ድምፅን ከእጅ ጋር ማስማማት ነው። የበገና ደርዳሪ አይጮኽም፤ ለቅርብ ሰው እንደሚናገር ሆኖ፣ ድምፁን ከጉምጉምታው በታች አድርጎ ያዜማል። ከመንፈሳዊ መዘምራን ወይም ከዘፋኝነት የመጡ ተማሪዎች ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ያን ጊዜ በገናው ይሸፈናል፣ አጃቢ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እኔ የማዝዛቸው አንድ ነገር ነው፤ ተኝቶ ያለ ሕፃን በክፍሉ ውስጥ እንዳለ አስበው እንዲያዜሙ።

አሁን ደግሞ ይህ ዜማ ሊጠፋ ስለ ተቃረበበት ጊዜ ልናገር። በእንጦጦ አካባቢ የተወለዱት ዓለሙ አጋ ገና ልጅ ሳሉ በገና የተማሩት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። በኋላ በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ተምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያም በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ማስተማር ጀመሩ። ይህ ታላቅ ነገር ነበር፤ በቤት ጥግ ሲኖር የቆየው መሣሪያ ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር በአንድ ጣራ ሥር ወንበር አገኘ። ነገር ግን በ1967 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ መንፈሳዊ ዜማ ከሬዲዮ ተወገደ፣ በገናም አብሮ ድምፁ ጠፋ። ዓለሙ አጋም ቆይተው የማስተማር ሥራቸውን ትተው የንግድ ሱቅ ከፈቱ። ይሁን እንጂ መደርደራቸውን አልተዉም፤ ዘመኑ ሲያልፍ «የንጉሥ ዳዊት በገና» በሚል ርእስ በፈረንሳይ ሀገር የታተመው አልበማቸው በገናን ፈጽሞ ለማያውቁ ሕዝቦች አሰማ፣ በሀገር ውስጥም ብዙ ወጣቶች ከርሳቸው ተማሩ።

የርሳቸውን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይታየኛል። አዝማሪ ሬዲዮና መድረክ ሲዘጋበት እንጀራው ይቋረጣል፤ ስለዚህ ወይ ዘፈኑን ከዘመኑ ጋር ያስማማል፣ ወይ ሙያውን ይለውጣል። በገና ግን ቀድሞም የማንም እንጀራ ስላልነበረ ትእዛዝ ሊያስርበው አልቻለም። በነዚያ ዓመታት በአዲስ አበባ ሰፈሮች ውስጥ፣ መስኮት ተዘግቶና መጋረጃ ወርዶ፣ ሁዳዴ በመጣ ቁጥር በገና የሚደረደርባቸው ቤቶች ነበሩ፤ ከነዚያም አንዱ የልብስ ሰፊው የመምህሬ ቤት ነበረ። ጎረቤት እንዳይሰማ እንዝራዎቹን ወደ ፊት ገፍተው ድምፁን አፍነው ይደረድሩ እንደ ነበር አስታውሳለሁ።

በሌላ ሀገርም ዜማን ለእንጀራ ሳያደርጉ ታላቅ ሥራ የሠሩ አሉ። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ቦሮዲን (1833–1887 እ.ኤ.አ.) በሴንት ፒተርስበርግ በሕክምና አካዳሚ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበረ፤ ቀኑን በቤተ ሙከራው ስለሚያሳልፍ ዜማ የሚደርሰው በዕረፍቱና በታመመ ጊዜ ነበረ። «ልዑል ኢጎር» የተባለውን ኦፔራውን ለብዙ ዓመታት እያነሣ እየጣለው ሳይፈጽመው ሞተ፤ የፈጸሙለት ወዳጆቹ ሪምስኪ ኮርሳኮፍና ግላዙኖፍ ናቸው። ከእኛም ወገን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው በስዊስ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው፣ በጦርነቱ ዘመን ከቤተ ሰባቸው ጋር በጣልያን ግዞት ቆይተው፣ ኋላም በካይሮ ትምህርታቸውን ቀጥለው፣ በመጨረሻ ዓለሙን ንቀው ወደ ግሸን ማርያም ወጥተው መነኮሱ። ከገዳሙ ከተመለሱ በኋላ ወደ ፒያኖው ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን ያሳተሙትን ሸክላ ገቢ ለድሆች ልጆች እርዳታ አደረጉት። የኋላ ዘመናቸውን በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም አሳልፈው እ.ኤ.አ. በ2023 ዐረፉ። የፒያኖ ድርሰታቸውን የሚሰማ ሰው የያሬድን ዜማ ጥላ በውስጡ ያገኛል፤ እኔ ግን ከዚህም አልፌ፣ ለሰሚ ተብሎ ያልተሠራ ዜማ ብቻ የሚኖረውን ያን ያለ መቸኮል አገኝበታለሁ።

ዛሬ በገና ተመልሶ መጥቷል። ሰንበት ትምህርት ቤቶች ክፍል ከፍተው ያስተምራሉ፤ በሀገር ውስጥም በውጭም ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ወጣቶች፣ ይልቁንም ሴት ልጆች፣ በብዛት ይማራሉ። በዚህ እጅግ ደስ ይለኛል። በአንጀት ፋንታ የናይለን አውታር መግባቱንም ከሚነቅፉት ወገን አይደለሁም፤ አንጀት በክረምት እርጥበት ቅኝቱ ይዛባል፣ ሠሪውም ጠፍቷል፣ ናይለን ደግሞ ለተማሪ ርካሽና የማያስቸግር ነው፤ ምንም እንኳ ጉምጉምታው የአንጀቱን ያህል ሥጋ ባይኖረውም። ልቤ የማይቀበለው ሌላ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሠላሳና አርባ ተማሪ ተሰብስቦ፣ አንድ መምህር በድምፅ ማጉያ እየቆጠረ፣ ሁሉም በአንድነት ሲመታ፣ የማንም እንዝራ ለብቻዋ አትሰማም፤ ተማሪው ጣት ይማራል፣ ጆሮ ግን አይማርም። በተሰጠው ጊዜ ምስክር ወረቀት ይዞ የወጣው ወጣት መዝሙሩን ያውቀዋል፤ በገናው ከቅኝት ሲወጣ ግን ተሸክሞ ወደ መምህሩ ይመለሳል። እንደ እኔ አስተያየት፣ ተማሪ በገና ዐወቀ የሚባለው ባዶ በርኩማ፣ ስድስት እንዝራና የላሉ አውታሮች ተሰጥተውት፣ ማንም ሳይረዳው ድምፁን ሲያወጣ ነው፤ ይህም ትምህርት ሊሰጥ የሚችለው ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው፣ በጠባብ ክፍል፣ ያለ ችኮላ ነው። ብዙ መምህራን ያስፈልጋሉ ማለቴ ነው፤ እነዚህም በየመሥሪያ ቤቱና በየሆስፒታሉ፣ በየሱቁና በየትምህርት ቤቱ ሥራቸውን ውለው፣ ማታ አንድ ተማሪ የሚቀበሉ ሰዎች መሆን አለባቸው።

የዚህ ነገር ማስረጃ በራሴ ቤት አለ። ሰው ሲያረጅ ጆሮው አስቀድሞ የሚያጣው ከፍተኛዎቹን ረቂቅ ድምፆች ነው፤ የበገና ጉምጉምታ ደግሞ የሚኖረው በነዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ አውታሩ ቅኝቱን መያዙን እስካሁን እሰማለሁ፣ እንዝራዋ በትክክለኛ ስፍራዋ መቀመጧን ግን ጆሮዬ ብቻውን አይነግረኝም። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዲቱ፣ በሙያዋ ነርስ የሆነች፣ ይህን ከነገርኳት ጀምሮ በየዓመቱ በቅበላ ሳምንት እየመጣች የበገናዬን እንዝራዎች ታስተካክልልኛለች። ዘንድሮ ስትመጣ የራስዋን ተማሪ፣ በሆስፒታሉ የሚሠራ አንድ ወጣት፣ ይዛ መጣች። «አባባ፣ ዛሬ እርሱ ይሞክር» አለችኝ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አንዲቱን እንዝራ ሲገፋና ሲስብ፣ እርስዋ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ሳትነካው፣ «ገና ነው፤ ትንሽ መልስ፤ አሁን ተዋት» እያለች ትመራው ነበር። ስድስቱን ለመጨረስ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ፈጀባቸው፤ ሦስተኛውንና ስምንተኛውን ሁለት ጊዜ አፍርሰው ሠሩ። ሲጨርሱ በገናውን ለእኔ ሰጡኝ፤ እኔም ስድስቱን አውታሮች በተራ መታሁ፣ ከዚያም ልጁ ገና የማያውቀውን አንድ መዝሙር ጀመርኩለት።